ኮምፒዩተሩ የሰው፣ ፍላሹ የራሴ

ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ሲሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ድጋፍ አቆመ። ዶላር ጨመረ፣ ነዳጅ ጨመረ እየተባለ በሚወራበት ከተማ "አንድ ሶፍትዌር ጡረታ ወጣ" የሚል ዜና ጆሮ ባያገኝ አይገርምም። ግን ነገሩ የቴክኖሎጂ ወሬ ብቻ አይደለም። የኪስ ጉዳይ ነው። በተለይ ኢንተርኔትን በስልኩ ብቻ የሚያውቀውንና ላፕቶፕ ለመግዛት ብር የሚያጠራቅመውን ወጣት ይመለከታል።

በመጀመሪያ ግልጽ እናድርገው፤ ዊንዶውስ 10 መሥራት አላቆመም። ኮምፒዩተሩ ነገም ይበራል፣ ወርድም ይከፈታል። የቆመው በየወሩ ይመጣ የነበረው የደኅንነት ጥገና ነው። አዲስ ቀዳዳ ሲገኝ የሚደፍነው የለም ማለት ነው። ማይክሮሶፍት ለግለሰቦች እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚቆይ የአንድ ዓመት ማራዘሚያ አቅርቧል። ዋጋው 30 ዶላር ነው፤ የኮምፒዩተሩን ቅንብር ከማይክሮሶፍት አካውንት ጋር ለሚያገናኝ ሰው ደግሞ ያለ ክፍያ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ምክር አንድ ብቻ ነው፦ ወደ ዊንዶውስ 11 እለፉ።

ችግሩ እዚህ ጋ ይጀምራል። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይፈልጋል። ከጥቂቶች በስተቀር የኢንቴል ፕሮሰሰሩም 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ መሆን አለበት። 8ኛው ትውልድ ገበያ ላይ የወጣው በፈረንጆቹ 2017 ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ላፕቶፕ የቱንም ያህል ደህና ቢሠራ በይፋ አይፈቀድለትም። ካናሊስ የተባለው የገበያ ጥናት ተቋም በ2023 መጨረሻ ባወጣው ግምት፣ በዚህ ምክንያት በዓለም ዙሪያ ወደ 240 ሚሊዮን የሚጠጉ ኮምፒዩተሮች ለቆሻሻ ሊዳረጉ ይችላሉ። እነዚያ ማሽኖች የእኛ ሰው "አሪፍ ዩዝድ ነው" ብሎ የሚገዛቸው ዓይነት ናቸው።

ሐዲዱ ሲቀየር

ለገሃር ያደገ ሰው ይህን ታሪክ በሌላ መልኩ ያውቀዋል። ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ሰፈሩም ስሙን ያገኘው ከባቡር ጣቢያው የፈረንሳይኛ ስም፣ ከ"ላ ጋር" ነው። የአሮጌው ሐዲድ ስፋት አንድ ሜትር ነበር። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኢትዮ ጅቡቲ መስመር ግን 1.435 ሜትር ስፋት አለው፤ ጣቢያውም ለገሃር ሳይሆን ፉሪ ለቡ ነው። አሮጌው ፉርጎ ምንም ሳይጎድለው እንኳ በአዲሱ ሐዲድ ላይ አይሄድም። ፉርጎው አልተበላሸም፣ ሐዲዱ ነው የተቀየረው።

በላፕቶፖቻችን ላይ የሆነውም ይኸው ነው። ማሽኑ ደህና ነው፣ ከሥሩ ያለው መንገድ ግን ተቀየረበት። ልዩነቱ አንድ ነው፤ የባቡር ሐዲድ በኪስ አይያዝም፣ የኮምፒዩተር ግን ይያዛል። አንድ ሙሉ ኦፐሬቲንግ ሲስተም በፍላሽ ተሸክማችሁ መሄድና ያገኛችሁት ኮምፒዩተር ላይ ሰክታችሁ ከዚያው ማስነሳት ትችላላችሁ። ነገሩ አዲስ አይደለም። አዲስ የሆነው እኛ ያለንበት ሁኔታ ነው፤ አሁን የሚያስፈልግበት ምክንያት ከመቼውም በላይ ግልጽ ሆኗል።

ፍላሹ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

ኮምፒዩተር ሲበራ መጀመሪያ የሚነቃው ዊንዶውስ አይደለም። ማዘርቦርዱ ላይ የተጫነች ትንሽ ፕሮግራም ናት። ድሮ ባዮስ፣ በአሁኖቹ ማሽኖች ዩኢኤፍአይ ትባላለች። ሥራዋ "ሲስተሙ የት ነው ያለው?" ብላ መፈለግ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የውስጡን ሃርድ ዲስክ ታገኝና ከዚያ ታስነሳለች። ማሽኑ እንደበራ ግን ሌኖቮና ዴል ላይ ኤፍ12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ9 ብትጫኑ "ከየት ልነሳ?" የሚል ዝርዝር ይመጣል። ፍላሹን ስትመርጡ ሲስተሙ ከፍላሹ ላይ ይነሳል። የውስጡን ዲስክ ካልከፈታችሁት በስተቀር አይነካውም። ሥራችሁን ጨርሳችሁ አጥፍታችሁ ፍላሹን ስትነቅሉ ኮምፒዩተሩ እንደነበረ ነው።

ይህን ሐሳብ በሰፊው ያስተዋወቀው ክላውስ ክኖፐር የተባለ ጀርመናዊ በፈረንጆቹ 2000 ያወጣው ክኖፒክስ ነው። ያኔ በሲዲ ነበር። በጥቅምት 2004 ደግሞ ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ የጀመረው ኡቡንቱ መጣ። ድርጅቱ እስከ 2011 ድረስ የኡቡንቱን ሲዲ ለጠየቀ ሰው ሁሉ፣ የትም አገር ይሁን፣ የፖስታውን ወጪ ራሱ ችሎ በነፃ ይልክ ነበር። ኢንተርኔት ውድ በነበረበት ዘመን ለእንደኛ ዓይነት አገር ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

"ይሄ የሃከሮች ነገር ነው" ለምትሉ ደግሞ፣ ማይክሮሶፍት ራሱ በ2012 ከዊንዶውስ 8 ጋር "ዊንዶውስ ቱ ጎ" የሚባል ተመሳሳይ አገልግሎት ለድርጅቶች አቅርቦ ነበር። ሠራተኛው የመሥሪያ ቤቱን ዊንዶውስ በዩኤስቢ ይዞ ቤቱ ባለው ኮምፒዩተር ላይ እንዲሠራ የታሰበ ነበር። በ2020 ከዊንዶውስ 10 ላይ አወጣው። ሊኑክሶቹ ግን ቀጥለዋል።

ሦስት ዓይነት አጠቃቀም አለ። የመጀመሪያው ምንም የማያስታውስ ነው፤ ስታጠፉት የሠራችሁት ሁሉ ይጠፋል። ለሙከራና ለጥገና ጥሩ ነው። ቴይልስ የሚባለው ሲስተም ሆን ተብሎ እንዲህ የተሠራ ነው፤ ዋና ዓላማው ምሥጢር መጠበቅ ስለሆነ። ሁለተኛው ፍላሹ ላይ የተወሰነ ቦታ ይተውና ፋይላችሁንና ቅንብራችሁን ያስቀምጣል። ሦስተኛው ሲስተሙን ውጫዊ ኤስኤስዲ ላይ ልክ እንደ ኮምፒዩተር መጫን ነው። ዋጋው ከፍ ይላል፣ ፍጥነቱ ግን ከውስጥ ዲስክ ብዙም አይርቅም። ባለ ሃርድ ዲስክ የሆነ አሮጌ ላፕቶፕ ላይማ ከውስጡ ሊበልጥም ይችላል።

ፍላሽ ስትገዙ ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ፣ ዩኤስቢ 3.0 መሆኑን። ዩኤስቢ 2.0 በወረቀት ላይ በሰከንድ 480 ሜጋ ቢት ያስተላልፋል፤ 3.0 ደግሞ 5 ጊጋ ቢት። ርካሽ ፍላሽ እዚያ ጣሪያ ላይ ባይደርስም ልዩነቱን ትራሱ ሥር እንደገባ ጠጠር በየደቂቃው ታውቁታላችሁ። ሁለተኛ፣ "1 ቴራ ባይት" ተብሎ በማይታመን ዋጋ የሚሸጥ ፍላሽ አትመኑ። ውስጡ 16 ወይም 32 ጊጋ ሆኖ ለኮምፒዩተሩ ውሸት እንዲናገር የተደረገ አለ። ሲሞላ ፋይሉ የተቀዳ ይመስላል፣ ግን የለም። ሊኑክስ ላይ ኤፍ3፣ ዊንዶውስ ላይ ኤችቱቴስትደብሊው የሚባሉ ነፃ ፕሮግራሞች እውነተኛውን መጠን ይነግሯችኋል።

ሂሳቡን እናስላው

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ነገር በቁጥር ካላየ አይረካም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር። በዚያ ሂሳብ የ300 ዶላር ላፕቶፕ 17,100 ብር ነው፣ ቀረጡና ትርፉ ሳይጨመር። አሁን በጥንቃቄ አንድ ዶላርን በ140 ብር ብናሰላው ያው ላፕቶፕ 42,000 ብር ይሆናል። የማሽኑ ዋጋ አሜሪካ ውስጥ አንድ ሳንቲም ሳይጨምር እኛ ጋ ከእጥፍ በላይ አደገ። የጀማሪ ሠራተኛ ደመወዝ ደግሞ በዚያ ፍጥነት እንዳልሮጠ ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም።

ፍላሽም ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ ዋጋው ጨምሯል። ግን ከላፕቶፕ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። እና ዋናው ጥያቄ ይህ ነው፦ ውዱን ነገር ለብቻዬ መግዛት ካልቻልኩ፣ ርካሹን ለብቻዬ፣ ውዱን ግን ከሌላው ጋር በጋራ መጠቀም እችላለሁ ወይ?

የጋራ ኮምፒዩተር ሁላችንም እናውቃለን። የዩኒቨርሲቲ ላብ፣ የአጎት ልጅ ላፕቶፕ፣ የኮምፒዩተር ጽሕፈት ቤቱ ዴስክቶፕ። የጋራ የሆነ ነገር ደግሞ ጠባቂ የለውም። አንዱ የጫነው ቫይረስ ለሁሉም ይደርሳል። ፋይሉን ወደ አቋራጭ የሚቀይረውን "ሾርትከት ቫይረስ" ያላየ የኢትዮጵያ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። አንዱ ፌስቡኩን ሳይዘጋ ይሄዳል፣ ሌላው የሰው ፋይል ያጠፋል። በፍላሽ ስትሠሩ ግን ብረቱ የጋራ፣ ሲስተሙ የግል ይሆናል። የይለፍ ቃላችሁ፣ ፋይላችሁ፣ ፕሮግራማችሁ ይዛችሁት ትገባላችሁ፣ ይዛችሁት ትወጣላችሁ። የውስጡ ዊንዶውስ በቫይረስ ቢታመስም አይነሳምና ፍላሻችሁን አያገኘውም።

ይህ አሁን የሚያስፈልገው ለምንድን ነው? መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የ"5 ሚሊዮን ኮደሮች" ሥልጠና ጀምሯል። የፕሮግራሚንግ መሠረታዊ ነገሮች፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ ልማትና የዳታ ሳይንስ ኮርሶች በነፃ በኢንተርኔት ይሰጣሉ። በጎ ነገር ነው። ቪዲዮውን በስልክ ማየትም፣ ጥያቄውን በስልክ መመለስም ይቻላል። ኮድ መጻፍ ግን በአውራ ጣት አይሆንም። ሰርተፍኬቱን በስልክ ያገኘና ኪቦርድ ላይ አንድም ፕሮግራም ጽፎ የማያውቅ ወጣት ቁጥሩን ያሟላል እንጂ ሥራ ገበያው አይቀበለውም። ፓይተን ለመለማመድ፣ ዳታ ለመተንተን፣ ድረ ገጽ ለመሥራት 4 ጊጋ ራም ያለው አሮጌ ማሽንና ሊኑክስ ያለበት ፍላሽ ይበቃል። የእኔ ሙያ ላይም አር የሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ነፃ ነው፣ ሊኑክስ ላይ ይሠራል። የአንድሮይድ ልማቱ ግን ይከብዳል፤ አንድሮይድ ስቱዲዮ ቢያንስ 8 ጊጋ ራም ይጠይቃል፣ ከፍላሽ ላይ ደግሞ ይንቀራፈፋል። እሱን ለሚማር ሰው ፍላሽ መፍትሔ ነው ብዬ አልሸነግለውም።

ዩዝድ ከመግዛታችሁ በፊት

ላፕቶፕ መግዛት የምትችሉም ብትሆኑ ፍላሹ ሌላ ጥቅም አለው። ጆርጅ አከርሎፍ የተባለ አሜሪካዊ ኢኮኖሚስት በ1970 ስለ ያገለገሉ መኪኖች ገበያ አንድ ጽሑፍ አውጥቶ ነበር፤ በ2001 ኖቤል ካሸለሙት ሥራዎቹ ዋነኛው ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሻጩ ጉድለቱን ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም። ገዢው ስለማያውቅ ለጥሩውም ለመጥፎውም አንድ ዓይነት ዋጋ ይሰጣል። በዚያ ዋጋ የጥሩ ዕቃ ባለቤት አይሸጥም፣ የመጥፎው ግን ደስ ብሎት ይሸጣል። በመጨረሻ ገበያው በመጥፎ ዕቃ ይሞላል።

የዩዝድ ላፕቶፕ ገበያችን ልክ እንዲህ ነው። ውጪው ተወልውሏል፣ ዊንዶውሱ ዛሬ ጠዋት ተጭኗል፣ ስክሪኑ ላይ ቆንጆ ሥዕል አለ። ባትሪው፣ ዲስኩ፣ ራሙ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ግን ሻጩ ያውቃል። ፍላሻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ብር ከመክፈላችሁ በፊት ከፍላሹ አስነሱትና እዩ፦ ዋይፋይ ይይዛል? ድምፅና ካሜራው ይሠራል? ሁሉም ቁልፍ ይጽፋል? ራሙና ፕሮሰሰሩ የተባለው ነው? ኡቡንቱ ላይ "ዲስክስ" የሚባለው ፕሮግራም የዲስኩን የጤና መረጃ፣ ስንት ሰዓት እንደሠራ ጭምር ያሳያል። የኃይል መረጃው ደግሞ ባትሪው ሲወጣ ከነበረው አቅም ስንት እንደቀረው ይነግራችኋል። ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። ሻጩ "አይሆንም" ካለ እሱም ራሱ መረጃ ነው።

በነገራችን ላይ፣ የዊንዶውስ 10 መቆም ዋጋ ላይም ተጽዕኖ አለው። የውጭ መሥሪያ ቤቶች ማሽኖቻቸውን በጅምላ ሲያስወግዱ አሮጌዎቹ እንደኛ ወዳለ ገበያ ይፈሳሉ። "ይሄ ዊንዶውስ 11 በይፋ አይቀበልም" የሚለው አረፍተ ነገር ከእንግዲህ የመደራደሪያ ነጥባችሁ ነው። ሊኑክስ ለሚጠቀም ሰው ጉድለት አይደለም፣ ቅናሽ ነው።

"ፎርማት ላስደርገው" ከማለታችሁ በፊት

እኛ ጋ ኮምፒዩተር ሲያስቸግር መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ፎርማት ማስደረግ። የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ሦስት ቀን ሲቀረው ዊንዶውስ አልነሳ ያለው ተማሪ ሮጦ ሱቅ ይገባል፣ ፎርማት ይደረግለታል፣ ጽሑፉም አብሮ ይሄዳል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሞተው ዊንዶውሱ እንጂ ዲስኩ አይደለም። ከፍላሽ አስነስቶ፣ የውስጡን ዲስክ ከፍቶ፣ ፋይሉን ወደ ሌላ ፍላሽ መገልበጥ ይቻላል። ከዚያ በኋላ ፎርማቱ ይድረስ።

ሱቁ የሚጭንላችሁ ዊንዶውስ ደግሞ ብዙ ጊዜ የተሰነጠቀ፣ ማለትም ክራክ የተደረገ ነው። ይህ እንደ ድጎማ ሆኖ አገልግሎናል፤ መቶ ዶላር የሚያወጣ ሶፍትዌር በሻይ ዋጋ። ግን ክራክ ያደረገው ሰው አብሮ ምን እንዳስገባበት የሚያይ የለም። በሕግም ቢሆን የኮምፒዩተር ፕሮግራም በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ ሥራ ነው። ኢትዮጵያ ደግሞ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ስትደራደር ቆይታለች። ድርጅቱ ውስጥ መግባት የአእምሯዊ ንብረት ስምምነቱን መቀበልንም ይጨምራል። ዛሬ ማንም የማይጠይቀን ነገር ነገ የሚጠየቅበት አቅጣጫ ላይ ነን። ነፃና ሕጋዊ አማራጭ መልመድ ከአሁኑ ቢሆን ይሻላል።

የማይሆንላችሁ ቦታ

እውነቱን ለመናገር ሊኑክስ ሁሉንም አይሠራም። አካውንቲንግ ተምራችሁ ሥራ የምትፈልጉ ከሆነ ማስታወቂያው ላይ "ፒችትሪ የሚችል" ይላል። ፒችትሪ የዊንዶውስ ነው። አውቶካድና ፎቶሾፕም እንደዚያው። የሲቪል ምሕንድስና ተማሪን "ዊንዶውስን ጣል" ማለት ቀልድ ነው።

የአማርኛ ጽሑፍም የራሱ ጣጣ አለው። የግዕዝ ፊደል በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቷል፤ የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የአማርኛ ቅንብር ሊኑክስ ውስጥ አለ፤ ኪቦርዱም ያለምንም ግዢ ይጫናል። በዩኒኮድ የተጻፈ ሰነድ ሁሉ ይነበባል። ግን ብዙ መሥሪያ ቤቶች በድሮው የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች የጻፏቸው ፋይሎች ፎንቱ ከሌለ የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅ ሆነው ይከፈታሉ። ደብዳቤ ለማሳተም ለገሃር አካባቢ ካሉ ጽሕፈት ቤቶች አንዱ ጋ ስትሄዱ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ብትሄዱ ከሁሉም ራስ ምታት ትገላገላላችሁ።

ሌሎችም አሉ። መብራት ሲጠፋ፣ ወይም ፍላሹ ሲሠራ ሲነቀል፣ ያልተቀመጠው ሥራ ብቻ ሳይሆን ሲስተሙ ራሱ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ የሥራችሁ ቅጂ ሌላ ቦታ ይኑር። የኡቡንቱ ማውረጃ ፋይል ወደ 6 ጊጋ ባይት ይጠጋል፤ በሞባይል ዳታ ያማል። እንደ ፐፒ ሊኑክስ ያሉ በመቶዎች ሜጋ ባይት ብቻ የሚመዝኑና ለአሮጌ ማሽን የሚሆኑ ግን አሉ። ካወረደ ጓደኛ መገልበጥም ሕጋዊ ነው፣ ክራክ አይደለም። ደግሞ አዲስ ላፕቶፕ ላይ የሴኪዩር ቡት ቅንብር ከመነካካታችሁ በፊት ቢትሎከር በርቶ እንደሆነ እዩ። በርቶ ከሆነ የማገገሚያ ቁልፉን ሳትይዙ አትንኩት፤ ዊንዶውሱ ሲመለስ 48 አኃዝ ቁጥር ይጠይቃችኋል። የሰው ኮምፒዩተር ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ባለቤቱን አስፈቅዱ።

ቁልፉ በሁለቱም በኩል ይከፍታል

አሁን ብዙ ሰው የማያስበው ክፍል መጣ። ከፍላሽ ተነስቶ የራስን ፋይል ማዳን ከተቻለ፣ የሌላውንም ማየት ይቻላል። የዊንዶውስ የይለፍ ቃል የሚጠብቀው ዊንዶውስ ሲነሳ ብቻ ነው። ዊንዶውሱ ሳይነሳ ዲስኩን ለሚከፍት ሰው፣ ዲስኩ ካልተመሰጠረ፣ የይለፍ ቃሉ ማለት የግድግዳ ሥዕል ነው። አምስት ደቂቃ ብቻውን ከማሽኑ ጋር የቀረ ሰው የደመወዝ ዝርዝሩን፣ የደንበኛ ፋይሉን፣ ፎቶውን ገልብጦ መሄድ ይችላል።

ከለገሃር እስከ ካዛንቺስ ያለው መንገድ በመሥሪያ ቤትና በባንክ የተሞላ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ የሰው መረጃ የያዘ ተቋም ያንን የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ግዴታውን ለመወጣት የመጀመሪያው እርምጃ ውድ ሶፍትዌር መግዛት አይደለም። ዲስክን መመስጠር፣ ከዩኤስቢ መነሳትን መዝጋትና ባዮሱ ላይ የይለፍ ቃል ማድረግ ነው። ሦስቱም ነፃ ናቸው። እናንተም ላፕቶፓችሁ ላይ ቢትሎከር ካለ አብሩት። ፍላሻችሁንም ስታዘጋጁ የማመስጠሪያ ምርጫ ካለ ምረጡት፤ ፍላሽ ማለት ታክሲ ውስጥ የሚረሳ ዕቃ ነው።

ሌላም ገደብ አለ። ፍላሹ የሶፍትዌር ቫይረስን ያልፋል፣ ብረቱ ላይ የተሰካን ሰላይ ግን አያልፍም። የማታውቁት ቦታ ባለ ኮምፒዩተር ላይ፣ በፍላሽም ቢሆን፣ የባንክ የይለፍ ቃል አትጻፉ።

ከአረንጓዴዎቹ ላፕቶፖች የቀረን ትምህርት

ኢትዮጵያ ኮምፒዩተር ለሁሉም የማዳረስ ሙከራ አድርጋ ታውቃለች። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. "አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ" በሚባለው ፕሮጀክት በሺዎች የሚቆጠሩ ነጭና አረንጓዴ ኤክስኦ ላፕቶፖች ትምህርት ቤቶች ደርሰው ነበር። በ100 ዶላር ይሠራል የተባለው ማሽን በእጥፍ ዋጋ ወጣ። ሐሳቡ ሁሉ ብረቱ ላይ ያተኮረ ነበር፤ ብረት ሲሰበር መለዋወጫና ጠጋኝ ይፈልጋል። የሚገርመው፣ ሹገር የተባለውን የዚያን ላፕቶፕ ሲስተም የሠሩት ሰዎች በፈረንጆቹ 2009 ከብረቱ ነጥለው በፍላሽ አወጡት። ልጁ ማንኛውም አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ሰክቶ የራሱን ሥራ እንዲቀጥል ነው። መልእክቱ ግልጽ ነበር፦ ለእያንዳንዱ ልጅ ብረት መግዛት ካልተቻለ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ሲስተም መስጠት ይቻላል።

ይህ ሐሳብ አሁን እኛ ጋ ቢሞከር ምን ይመስላል? በየዩኒቨርሲቲው ላብ ውስጥ ዊንዶውስ 11 አልቀበልም ያሉ ዴስክቶፖች አሉ። እነሱን አውጥቶ በዶላር አዲስ ከመግዛት በፊት፣ ለአንደኛ ዓመት ተማሪ አንድ አንድ ፍላሽ መስጠት ይቻላል፤ ውስጡ ሊኑክስ፣ ሊብረኦፊስ፣ ፓይተን፣ አርና ያለ ኢንተርኔት የሚነበብ ዊኪፒዲያ የተጫነበት። ኪዊክስ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም የመጨረሻውን ይሠራል። የኮደሮቹ ሥልጠናም ሰርተፍኬት ከመቁጠር ባለፈ፣ ወጣቱ ቁጭ ብሎ የሚለማመድበት ማሽን የት እንዳለ ቢያስብ። በየወረዳው ያሉ የወጣት ማዕከላት አሮጌ ኮምፒዩተሮችን ሰብስበው ክፍት ቢያደርጉ፣ ልጁ ፍላሹን ይዞ ይመጣል። ሃርድ ዲስካቸው የተበላሸ ማሽኖች እንኳ በዚህ መንገድ ይነሳሉ። የሚያስፈልገው በጀት ሳይሆን አንድ ፈቃድና አንድ የሚያስተባብር ሰው ነው።

መንግሥት እስኪያስብበት ደግሞ እናንተ መጀመር ትችላላችሁ፣ ኮምፒዩተር ባይኖራችሁም። ኢችድሮይድ የሚባል ነፃ የአንድሮይድ መተግበሪያ አለ። ስልካችሁን ሩት ማድረግ አያስፈልግም። የሊኑክሱን ፋይል በስልክ ታወርዳላችሁ፣ ፍላሹን በኦቲጂ ገመድ ስልኩ ላይ ትሰካላችሁ፣ መተግበሪያው ይጽፍላችኋል። ፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ስለሚጠፋ መጀመሪያ አውጡት። 16 ጊጋ ለመጀመሪያ ይበቃል። ኮምፒዩተር ያለው ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ ሩፈስ ወይም ቬንቶይ ይሻላል። በተለይ ሩፈስ ለኡቡንቱ ፋይል ማስቀመጫ ቦታውን አብሮ ያዘጋጅላችኋል።

ላፕቶፕ መግዛት አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። የቻለ ይግዛ። እኔ የምለው፣ 42,000 ብሩ እስኪሞላ ድረስ ያለው አንድ ወይም ሁለት ዓመት ባዶ ጊዜ መሆን የለበትም ነው። ብሩ ሲሞላ ማሽኑን የምትገዙት እንደ ጀማሪ ሳይሆን እንደ ሠራተኛ ይሁን።